ከአልጋው ብረት እስከ ሲንኩ ጉሮሮ፦ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ቤተስዳ ከተማ የሚገኘው የብሔራዊ ጤና ተቋማት ሆስፒታል ተራ ሆስፒታል አይደለም። የሚያክማቸው ሰዎች በምርምር የሚሳተፉ ናቸው፤ ገንዘብም፣ ቤተ ሙከራም፣ ባለሙያም አይቸግረውም። በጁን 2011 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገላት አንዲት ታማሚ ከኒው ዮርክ ወደዚህ ሆስፒታል ተዛወረች። ካርባፔነም የሚባሉትን፣ ሐኪሞች ለክፉ ቀን የሚያስቀምጧቸውን አንቲባዮቲኮች የሚቋቋም ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ በሰውነቷ እንዳለ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ስለዚህ ብቻዋን ተኛች፤ ወደ ክፍሏ የሚገባ ሁሉ ጋዋንና ጓንት አደረገ። በጁላይ አጋማሽ ተሽሏት ወጣች፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃ መሰለ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያው ባክቴሪያ በሌላ ታማሚ ላይ ተገኘ። ከዚያ በየሳምንቱ ገደማ አንድ አንድ ሰው እየጨመረ 18 ታማሚዎችን አዳረሰ። ከእነዚህ 11ዱ ሞቱ፤ የስድስቱ ሞት በቀጥታ ከዚሁ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዟል።

የሆስፒታሉ ተመራማሪዎች ከየታማሚው የተገኘውን ባክቴሪያ ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል አንብበው በ2012 ውጤቱን አሳተሙ። ሁሉም የመጀመሪያዋ ታማሚ ባክቴሪያ ዘሮች ነበሩ፤ ከእሷም በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ወጥተዋል። አንዳንዶቹ ታማሚዎች ምንም ሳይታይባቸው ባክቴሪያውን ለሳምንታት ተሸክመው ቆይተዋል። ባክቴሪያው ከእጅ መታጠቢያ ሲንኮች ማፍሰሻ ውስጥ ተገኘ። ጸድቶ ለሌላ ሰው ከተዘጋጀ የመተንፈሻ ማሽን (ቬንቲሌተር) ላይም ተገኘ። ሆስፒታሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉን በግድግዳ ከፈለ፤ የውሃ መስመር ነቅሎ ቀየረ፤ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጭስ የሚነፉ ሮቦቶች አስገባ፤ ሐኪምና ነርስ እጁን መታጠብ አለመታጠቡን ቆመው የሚቆጣጠሩ ሰዎች ቀጠረ። ወረርሽኙ የቆመው ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው።

ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጥያቄ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። አልጋው፣ ሞኒተሩ፣ ቧንቧው ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ ታማሚውን የሚያጠቃው ነው? ወይስ ከታማሚው ላይ የረገፈና ጉዳት የሌለው ቅሪት? ቀድሞ ብዙ ባለሙያዎች ወደ ሁለተኛው ያዘነብሉ ነበር። ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ወደ መጀመሪያው ገፍቷል። ሆኖም አንዳንድ የጽዳት ዕቃ ሻጮች እንደሚሉት ቀላል አይደለም።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሌሎች ክፍሎች ይልቅ ለዚህ የተጋለጠበት ምክንያት ከአነሣሡ ጋር የተያያዘ ነው። በ1952 ኮፐንሃገንን የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲመታት ዴንማርካዊው ሐኪም ቢዮርን ኢብሰን በጉሮሮ በኩል ቱቦ አስገብቶ በእጅ አየር እየነፋ የታማሚዎችን ሕይወት ማትረፍ እንደሚቻል አሳየ፤ የዛሬው ጽኑ ሕክምና የተወለደው ከዚያ ነው። ሕይወት የሚያቆየው ቱቦ ግን የባክቴሪያም መግቢያ ነው። በጉሮሮ አንድ፣ በአንገት ደም ሥር አንድ፣ በሽንት ፊኛ አንድ ቱቦ የገባለት ሰው ቆዳውና ሳሉ የሚሰጡትን መከላከያ አጥቷል። በዚያ ላይ የሚሰጡት ብርቱ አንቲባዮቲኮች ደካማዎቹን ባክቴሪያዎች ጠርገው ለተላመዱት ሜዳውን ይለቁላቸዋል።

ደረቅ ብረት ላይ ስንት ጊዜ ይኖራሉ?

ጀርመናዊው የንጽህና ተመራማሪ አክሰል ክራመርና ባልደረቦቹ በ2006 ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ያወጡት ዝርዝር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አሲኔቶባክተር የተባለው ባክቴሪያ በደረቅ ዕቃ ላይ ከ3 ቀን እስከ 5 ወር ይቆያል። ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደው ስታፊሎኮከስ ከ7 ቀን እስከ 7 ወር፣ ክሌብሲየላ ደግሞ ከ2 ሰዓት እስከ 30 ወር ሊቆዩ ይችላሉ። የክሌብሲየላ ቁጥር ከሰዓታት እስከ ዓመታት መለጠጡ አያስገርምም፤ እርጥበቱ፣ የዕቃው ዓይነትና ባክቴሪያው ያረፈበት ደም ወይም አክታ ውጤቱን በእጅጉ ይለዋውጡታል።

አሲኔቶባክተር ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መማሪያ ሆኗል። ከ2003 በኋላ ከኢራቅ ጦር ሜዳ ቆስለው የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ይህ ባክቴሪያ በብዛት ስለታየ «ኢራቂባክተር» የሚል ቅጽል ስም ተሰጥቶት ነበር። የብዙዎች ግምት ከኢራቅ አፈር ጋር ወደ ቁስሉ ገባ የሚል ነበር። ተመራማሪዎች አፈሩንም የመስክ ሆስፒታሎቹንም ሲፈትሹ ባክቴሪያው ከአፈር ናሙናዎቹ በአንዱ ብቻ ተገኘ፤ በአንጻሩ ናሙና ከተወሰደባቸው ሰባት የመስክ ሆስፒታሎች በሰባቱም የሕክምና ቦታዎች ላይ ነበር። ወታደሩ የታመመው በታከመበት ቦታ ነው።

ተራው ጽዳት ባክቴሪያዎቹን የማያጠፋበት አንዱ ምክንያት ባዮፊልም ነው። ውሃ ለሳምንታት የቆየበትን ጀሪካን ውስጡን በጣት የዳበሰ ሰው የሚያሟልጨውን ሽፋን ያውቀዋል፤ እሱ ባዮፊልም ነው። ባክቴሪያዎች እየተጣበቁ፣ ሙጫ መሰል ነገር እያመነጩ በላያቸው የሚያለብሱት ጥላ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው እርጥብ ቦታ ላይ ሲሆን፣ የሲድኒ ተመራማሪዎች በደረቅ ዕቃም ላይ እንዳለ አሳይተዋል። በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ የመጨረሻ ጽዳት ከተደረገለት የጽኑ ሕሙማን ክፍል 44 ዕቃዎችን ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ 41ዱ ላይ ባዮፊልም አገኙ፤ ከግማሽ በላይ ከሚሆኑት ላይ ደግሞ ብዙ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን አሳድገዋል። ክፍሉ በዓይን ሲታይ ንጹሕ ነበር።

ባክቴሪያው በዕቃ ላይ መኖሩ ሰው ማሳመሙን አያረጋግጥም። ለዚህ የተሻለ ማስረጃ የሰጠው ከቀድሞው ታማሚ በኋላ በዚያው ክፍል ስለሚተኛው ሰው የተደረገው ጥናት ነው። በ2006 በቦስተን አንድ ሆስፒታል ስምንት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ላይ የተሠራው ምርምር እንዳሳየው፣ ቀድሞ በክፍሉ የተኛው ሰው መድኃኒት የተላመደ ስታፊሎኮከስ ወይም ኢንተሮኮከስ ከነበረበት፣ ቀጥሎ የሚተኛው ሰው ያንኑ የመያዝ ዕድሉ በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሊል፣ ፈረንሳይ በ2011 የታተመው ጥናት ደግሞ ይህንኑ ለአሲኔቶባክተርና ፕሲዩዶሞናስ ለተባለው ባክቴሪያ አሳይቷል፤ መድኃኒት የተላመዱ የአንጀት ባክቴሪያዎችን በተመለከተ ግን ተመሳሳይ ውጤት አላገኘም።

የቦስተኑን ጥናት ሲጠቅሱ ብዙዎች 40 በመቶ የምትለዋን ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ሌላውን ቁጥር ማንም አያነሣውም፦ ከክፍሉ የቀድሞ ነዋሪ የመጣው ከጠቅላላው አዲስ ተያዦች 5.1 በመቶው የስታፊሎኮከስ፣ 6.8 በመቶው ደግሞ የኢንተሮኮከስ ብቻ ነው። ስለዚህ አልጋው ብቻውን ዋናው መንገድ አይደለም። ዋናው መንገድ እጅ ነው፤ ዕቃው ደግሞ እጁን ይመግበዋል። ነርሷ በአንድ ታማሚ ላይ የአክታ መምጠጫውን ትጠቀማለች፤ ማሽኑ ሲጮህ በዚያው ጓንት የፓምፑን ቁልፍ ትጫናለች፤ ጓንቷን አውልቃ እጇን ታጥባ ስትመለስ ያንኑ ቁልፍ በባዶ እጇ ነክታ ወደ ሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ጥፋት ሠርታለች ማለት ይከብዳል። እጇን ታጥባለች፤ ቁልፉን ግን ማንም አላጠበውም።

ሲንኩ

በዚህ መስክ ካነበብኳቸው ሁሉ አስተሳሰቤን የለወጠው የሲንኩ ነገር ነው። እጅ የሚጸዳበት ቦታ ራሱ ማከማቻ ሊሆን እንደሚችል መቀበል ለሐኪሞችም ጊዜ ወስዷል።

በቶሮንቶ፣ ካናዳ በአንድ ሆስፒታል ከዲሴምበር 2004 እስከ ማርች 2006 ድረስ ብዙ መድኃኒት የተላመደ ፕሲዩዶሞናስ 36 ታማሚዎችን ያዘ፤ 17ቱ ሞቱ። መርማሪዎቹ ምንጩን ሲፈልጉ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎቹ የእጅ መታጠቢያ ሲንኮች ማፍሰሻ ላይ ደረሱ። ሲንኮቹ ጥልቀት አልነበራቸውም፤ ቧንቧውም ውሃውን በቀጥታ ወደ ማፍሰሻው ቀዳዳ ይለቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ በማፍሰሻው ውስጥ በልዩ ብርሃን የሚያበራ ቀለም አፍስሰው ቧንቧውን ሲከፍቱ ፍንጣሪው ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ተረጨ። እዚያ ርቀት ውስጥ የታማሚው አልጋና መድኃኒት የሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ነበሩ። ማፍሰሻውን ደጋግሞ በኬሚካል ማጽዳት አልበጀም፤ ወረርሽኙ የቆመው ሲንኮቹ ውሃ እንዳይረጩ ተደርገው ሲታደሱ ነው።

ባክቴሪያው በሲንኩ ሥር ካለው፣ ውሃ ከሚያቁረው ጥምዝ ቧንቧ (ከሲፎኑ) እንዴት ወደ ላይ እንደሚወጣ ያሳዩት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የሆስፒታላቸውን ዓይነት ሲንኮች በቤተ ሙከራ ተክለው፣ አረንጓዴ የሚያበራ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ በሲፎኑ ውስጥ ጨመሩ። በ2017 ያሳተሙት ውጤት እንደሚለው ባክቴሪያው በቧንቧው ግድግዳ ላይ ባዮፊልም እየሠራ በቀን 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ አደገ፤ በሳምንት ውስጥ ከማፍሰሻው አፍ ያለው ወንፊት ጋ ደረሰ። ከሲፎኑ ሳለ ውሃ ቢከፈትም አይረጭም፤ ወንፊቱ ጋ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የቧንቧ ከፈታ ዙሪያውን ያዳርሰዋል። እዚህ ላይ ለሥራ የሚጠቅመው ነገር ዕድገቱ የመጣው ምግብ ሲያገኝ መሆኑ ነው። የተረፈ ግሉኮስ፣ ለታማሚው በቱቦ የሚሰጥ ምግብ፣ ሻይና ሾርባ በእጅ መታጠቢያው የሚደፋ ከሆነ ሆስፒታሉ ባክቴሪያውን እየቀለበ ነው።

በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ነገሩ ከማፍሰሻው ሳይሆን ከቧንቧው አፍ ነበር። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍሎች አራት ሕፃናት በፕሲዩዶሞናስ ሞቱ፤ ምርመራው በቧንቧዎቹ አፍ ያሉ የተወሳሰቡ የውስጥ ክፍሎች ባዮፊልም ይዘው አገኛቸው።

የኔዘርላንዷ ናይሜኸን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሁሉም የበለጠ ደፋር እርምጃ ወሰደ፦ ሲንኮቹን ከታማሚዎች ክፍል ነቅሎ አወጣቸው። ሠራተኞች እጃቸውን በአልኮል ያጸዳሉ፤ ታማሚው በተዘጋጀ እርጥብ ጨርቅ ይታጠባል። በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት እንደ ፕሲዩዶሞናስና ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች የተገኙባቸው ታማሚዎች መጠን በ1,000 የመኝታ ቀን ከ26.3 ወደ 21.6 ወረደ። ለውጡ ጎልቶ የታየው ብዙ በቆዩት ላይ ነው፤ 14 ቀንና ከዚያ በላይ በተኙት ላይ ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ቀንሷል። ጥናቱ በአንድ ሆስፒታል በፊትና በኋላን ያነጻጸረ ስለሆነ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የነገሩን አቅጣጫ ግን ያሳያል።

ማን ያጽዳ? በምን?

ስለ ጽዳት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ ስለ ኬሚካል ይሆናል። ቦስተናዊው ሐኪም ፊሊፕ ካርሊንግ ያነሣው ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል፦ ለመሆኑ ዕቃው ተነክቷል ወይ? በዓይን የማይታይ፣ በልዩ መብራት ብቻ የሚያበራ ምልክት በእጅ አዘውትረው በሚነኩ ነገሮች ላይ ቀብቶ ከጽዳት በኋላ መጥፋቱን ይፈትሽ ነበር። በ27 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተፈተሹት ዕቃዎች የተጸዱት 49.5 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሠራተኞቹ ውጤቱን እያዩ ሥልጠና ሲሰጣቸው ወደ 82 በመቶ ወጣ። ኬሚካል አልተቀየረም፤ ሮቦት አልተገዛም።

ስለ ሮቦቱም አልክድም፤ ይሠራል። በ2017 በላንሴት በታተመ፣ በዘጠኝ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ በተለመደው ጽዳት ላይ በሮቦት የሚበራ የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲጨመር በዚያ ክፍል ቀጥለው ወደሚተኙ ሰዎች የሚተላለፈው ባክቴሪያ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ጨረሩ ግን ባዶ ክፍል ይፈልጋል፤ ሰው እያለ አይበራም፤ ጥላ ያረፈበትንም አይደርስበትም። አልጋ ተለቅቆ ለሰዓት እንኳ ባዶ በማይቆይበት ሆስፒታል ማን ያበራዋል?

በ2024 ከአውስትራሊያ የወጣው ሙከራ የበለጠ ቀልቤን ስቧል። በአንድ ሆስፒታል አሥር ክፍሎች ውስጥ የጋራ የሕክምና ዕቃዎችን ብቻ የሚያጸዱ ሠራተኞች በሥራ ቀናት በቀን ሦስት ተጨማሪ ሰዓት ተመደቡ፤ ሥልጠናና ክትትልም ታከለበት። በሆስፒታሉ የሚያዙ ኢንፌክሽኖች ከ17.3 በመቶ ወደ 11.6 በመቶ ወረዱ። ሙከራው በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተካሄደ አይደለም፤ ነገር ግን የሁሉም ሆስፒታል ችግር የሆነውን ነክቷል። የግድግዳና የወለል ጽዳት የጽዳት ሠራተኛው ድርሻ ነው፤ ታማሚውን መንካት የነርሷ ድርሻ ነው። የደም ግፊት መለኪያው፣ የግሉኮስ ማንጠልጠያው፣ የሞኒተሩ ገመድ ግን በሁለቱ መካከል ባለቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ማሽን እንዳታበላሽ ትፈራለች፤ ነርሷ ጊዜ የላትም።

በረኪናም ቢሆን ዕውቀት ይፈልጋል። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲደባለቅ በጤና ተቋማት የተለመደው 0.5 በመቶ ይገኛል። በግምት የሚቀዳ ከሆነ ግን ወይ ብረቱን ይበላል ወይ ባክቴሪያውን አይገድልም። ፀሐይ ላይ የቆየ ወይም ጠዋት ተበጥብጦ ለነገ ያደረ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ደምና አክታ ሳይጠረግ በላዩ ቢረጭም እንዲሁ ነው። በአንድ ባልዲ ውሃና በአንድ መወልወያ ሙሉ ክፍል ሲዳረስ ደግሞ ጽዳቱ ራሱ ከአልጋ ወደ አልጋ አመላላሽ ይሆናል።

በአገራችን

የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። በ2020 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ባሉ ዕቃዎች ላይ የተሠራ ጥናት ሲታተም ከተወሰዱት ናሙናዎች አብዛኞቹ ባክቴሪያ አብቅለው ታይተዋል፤ አሲኔቶባክተርም ከመካከላቸው ነበር። በጨቅላ ሕፃናት የደም ኢንፌክሽን ላይ ያተኮረው ባርናርድስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ከሚገኙ አሥር ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍሎች ናሙና ሰብስቧል፤ በ2024 የታተመው ውጤቱ አንቲባዮቲክ የሚያሸንፉ ጂኖችን የተሸከሙ ባክቴሪያዎች በተለይ በሲንክ ማፍሰሻ ዙሪያ እንደሚከማቹ አሳይቷል።

ስለዚህ ባክቴሪያው አንድ ነው፤ ሲንኩም አንድ ነው። መፍትሔውን እንደወረደ መቅዳት ግን አይቻልም። ናይሜኸን ሲንክ የነቀለችው የማይቋረጥ ውሃ እያላት ነው፤ እኛ ዘንድ ውሃ ሲመጣ በባልዲና በበርሜል ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ውሃ ደግሞ ለባዮፊልም ይመቻል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 እንዳስታወቁት በዓለም ላይ ካሉ የጤና ተቋማት ግማሽ ያህሉ ታማሚ በሚታይበት ቦታና በመጸዳጃ ቤት ውሃና ሳሙና ወይም አልኮል አሟልተው አያቀርቡም። ለሁለቱም ችግሮች መልስ የሚሆነው በየአልጋው ጎን የሚቀመጥ የእጅ አልኮል ነው፤ ውሃ አይፈልግም፣ ማፍሰሻ የለውም፣ በአገር ውስጥ ይዘጋጃል። ጄኔቫ ላይ ሐኪሙ ዲዲየ ፒቴ ከ1994 እስከ 1997 ይህን ሲያስፋፋ የእጅ ንጽህና ከ48 ወደ 66 በመቶ ሲወጣ፣ በሆስፒታል የሚያዙ ኢንፌክሽኖች ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወርደዋል።

ሌላው የጎደለን ዓይን ነው። ቤተስዳ ሁለተኛውን ታማሚ ያወቀችው ናሙና አሳድጋ ስላየች ነው። ባክቴሪያ የሚያሳድግ ቤተ ሙከራ የሌለው ሆስፒታል ወረርሽኝ ቢኖርበትም «ታማሚው በሳንባ ምች ዐረፈ» ብሎ ይመዘግባል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2017 የመድኃኒት መላመድ ቅኝት በተመረጡ ቤተ ሙከራዎች መጀመሩ መልካም ነው፤ የቅኝቱ ውጤት ግን አልጋው ላይ ላለው ታማሚ በሰዓቱ መድረስ አለበት። መንግሥት ቆርጦ ከተነሣ ምን እንደሚችል እስራኤል አሳይታለች፦ እስከ ማርች 2007 ድረስ ካርባፔነም የተላመደው ክሌብሲየላ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ታማሚዎችን ይዞ ነበር። ጤና ሚኒስቴሩ ሆስፒታሎች እያንዳንዱን የተያዘ ታማሚ እንዲያሳውቁ፣ እንዲለዩና የራሳቸው ነርስ እንዲመድቡላቸው አስገደደ፤ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ አዲስ ተያዦች በ100,000 የመኝታ ቀን ከ55.5 ወደ 11.7 ወረዱ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጽዳት ሥራ በብዙ ቦታ ከሆስፒታሉ ውጭ ላለ ድርጅት በጨረታ ይሰጣል፤ ጨረታውንም የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ማለት ትንሽ ሰው፣ ትንሽ ደመወዝና ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ሠራተኛ ማለት ነው፤ ዛሬ የሠለጠነችው በሚቀጥለው ወር የለችም። እኔ እንደሚመስለኝ የአገራችን የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ብክለት ትልቁ ድርሻ ከዚህ ይመጣል፤ አንቲባዮቲክ ያለ አግባብ መታዘዙ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የሆስፒታል ቦርዶችና የግዥ ኮሚቴዎች የሚቀጥለውን ቬንቲሌተር ስታዝዙ፣ እሱን የሚያጸዳ፣ የሠለጠነና በየፈረቃው የተመደበ ሰው ደመወዝ በዚያው ሰነድ ላይ ጻፉ።